አውድማ ላይ «ስንት» አይባልም

ቀን ስንመርጥ

የዘጠነኛ ክፍል ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ደብረ ማርቆስ ተወልጄ ደብረ ማርቆስ ያደግሁ የከተማ ሰው ነኝ። በየዓመቱ «የእርሻ ሥርዓቶችና በግብርና ላይ ተጽዕኖ የሚያሳድሩ ነገሮች» የሚለው ምዕራፍ ላይ ስደርስ ሰሌዳው ላይ በሬ እሥላለሁ። ዘንድሮም ሣልኩ። ከኋላ አንዱ እጁን አወጣና፣ «ቲቸር፣ ይሄ ውሻ እርሻው ላይ ሥራው ምንድን ነው?» አለኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ጠመኔውን ወርውሬ፣ «በቃ! በሬውን ራሱን ወስጄ አሳያችኋለሁ!» አልኩ። በንዴት የተናገርኩትን መልሼ መዋጥ አልወድም፤ ጉዞው እንዲህ ተጀመረ።

የመጀመሪያው ጣጣ ቀን መምረጥ ነበር። ዳይሬክተራችን ቁጥር የሚወዱ ሰው ናቸው። «ስንት ተማሪ? ስንት መምህር? በስንት ሰዓት ሄዳችሁ በስንት ሰዓት ትመለሳላችሁ?» ብለው ሲጨርሱ፣ ትምህርት እንዳይበደል ቅዳሜ ይሁን አሉ።

«ቅዳሜ ሰንበት ነው፤ ገበሬው ቤቱ ነው የሚውለው» አልኩ።

«እሑድ እንዳልል… እሺ፣ ረቡዕ።»

«የምንሄደው እኮ ሮብ ገበያ ነው። ረቡዕ አገሩ በሙሉ ገበያ ይወጣል።»

«ማክሰኞስ?»

«ሚካኤል ይውላል።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ለመሆኑ ይሄ ሰው መቼ ነው የሚያርሰው?»

«ይሄው ነው እንግዲህ፤ በግብርና ላይ ተጽዕኖ የሚያሳድሩ ነገሮች ማለት» አልኳቸው። ሐሙስ ሆነ። «ስትሄዱ ቁጠሪያቸው፣ ስትደርሱ ቁጠሪያቸው፣ ስትመለሱ ቁጠሪያቸው» ብለው ፈረሙልኝ።

የምንሄድበትን ገበሬ ያገኘችልኝ ዘመናይ ናት። ዘመናይ እኛ ግቢ ተከራይታ የምትኖር ነርስ ስትሆን አባቷ ከሮብ ገበያ በላይ፣ ወደ ጮቄ ተራራ በኩል ያርሳሉ። ሠርጓ ለጥር ተቆርጧል፤ የሠርጉ ጠላም ዳቦም የሚወጣው ከአባቷ ገብስ ነው። በሄድንበት ሰሞን ታኅሣሥ ገብቶ ስለነበር ገብሱ አውድማ ላይ ነበር።

«እትዬ አዜብ» አለችኝ ከመሄዳችን በፊት በነበረው ምሽት፣ «አባዬ ደግ ሰው ነው፤ አውድማ ላይ ግን ጠባዩ ሌላ ነው። ጫማ ይወለቃል። ደግሞ እዚያ…»

«ገብቶኛል፣ ገብቶኛል» አልኩ። አውድማን በተመለከተ ከነርስ የምማረው ነገር ያለ አልመሰለኝም።

ማለዳ፣ ከማርቆስ ወደ ላይ

የተከራየነው አውቶቡስ ዕድሜው ከተማሪዎቼ ይበልጣል። ሾፌሩ አያሌው መሪውን ሲይዝ ያማትባል፤ ማርሽ ሲቀይርም ያማትባል። አብሮኝ የመጣው መምህር የባዮሎጂው ከድር ነው። ከድር የወሎ ሰው ነው፤ ማርቆስ ከመጣ ብዙ ጊዜ ቢሆነውም ብርዱን እስካሁን አለመደውም። በዚያን ዕለት ጃኬት በጃኬት ላይ ደርቦ፣ አንገቱን በሻርፕ ጠምጥሞ፣ ዓይኑ ብቻ ቀርቶ መጣ። ተማሪዎቹን አንድ በአንድ ቆጥሬ አሳፈርኩ። ዳይሬክተሩ በር ላይ ቆመው በጣታቸው ደግመው ቆጠሩ።

ከከተማው እንደወጣን አስፋልቱ ቀረና አቧራው ጀመረ። «መስኮት ዝጉ!» ስል አንዱ መስኮት አልዘጋ አለ፤ አቧራው ሁሉ በእሱ ገብቶ ተማሪዎቼ ዱቄት ቤት የዋሉ መሰሉ። እኔ ግን ከመቀመጫዬ ተነስቼ ማስተማሬን አልተውኩም። ታች ሜዳው ላይ ጤፉ ታጭዶ ተከምሯል። ትንሽ ከፍ ስንል ስንዴ፣ ባቄላ። ከዚያ በላይ ገብስና ድንች፣ በየዳገቱ ባሕር ዛፍ። «አያችሁ? ከፍታው ሲጨምር ሰብሉ ይለወጣል!» እላለሁ። አውቶቡሱ ጉድጓድ ሲመታ ደግሞ ወንበር ላይ እወድቃለሁ፤ ተነስቼ ካቆምኩበት እቀጥላለሁ።

«ቲቸር፣ ይሄ ሚክስድ ፋርሚንግ ነው?» አለች ሶስና። ሶስና ከክፍሉ አንደኛ የምትወጣ ልጅ ናት፤ የምትጠይቀውን አታጣም፣ የምትሰማውን መልስ ደግሞ ቶሎ አታምንም። ከምንም በላይ የምትወደው መቁጠር ነው። ከማርቆስ እስክንወጣ ያየናቸውን ባጃጆች ቁጥር ነግራኛለች።

«አዎ፣ ድብልቅ ግብርና። እህልም ከብትም አንድ ላይ» አልኩ።

«ከብቱስ ስንት ሲሆን ነው ሚክስድ የሚባለው?»

ከድር በሻርፑ ውስጥ ሲስቅ ሰማሁት።

ሮብ ገበያ

ሮብ ገበያ ስንወርድ ብርዱ እንደ አበዳሪ ጠብቆ ያዘን። ቀኑ የገበያ ባይሆንም መንገድ ዳር ድንች በየጆንያው ተደርድሯል። ሻይ ቤት ገብተን በትኩስ ሻይ ዳቦ በላን። ብርጭቆው አልበቃ ብሎ በተራ ጠጣን፤ አንዳንዱ ሻዩን ትቶ ብርጭቆውን ለመታቀፍ ብቻ ተራ ያዘ። አያሌው በዚህ መሀል ከአንዲት ድንች ሻጭ ጋር ዋጋ ክርክር ገጠመ። ሴትየዋ በመጨረሻ፣ «ወንድሜ፣ እንዲያው ዝም ብለህ ውሰደውና አሳርፈኝ» አለችው። እሱም ደንግጦ የጠየቀችውን ከፍሎ ተሸከመ።

ከሻይ ቤቱ ስንወጣ ተማሪዎቹን ቆጠርኩ። ሙሉ ናቸው። ከዚያ አውቶቡሱ መሄድ እስከቻለበት ሄደን የቀረውን በእግር ወጣነው፤ አያሌውም አውቶቡሱን ቆልፎ ተከተለን። ወንዟን በድንጋይ እየዘለልን ስንሻገር ከድር አንድ እግሩን ውኃ ውስጥ ነከረ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ቤቱ ድረስ ስለ ካልሲው ብቻ ነው ያወራው።

የዘመናይ አባት ጋሽ ይሁኔ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ቦት ጫማ አድርገው መንገድ ላይ ቆመው ጠበቁን። ረጅም፣ ድምፃቸው ከተራራ ማዶ የሚሰማ፣ ራሳቸውንም ገብሳቸውንም ማመስገን የማያፍሩ ሰው ናቸው።

«እንኳን ደህና መጡ መምህርት! ልጆቹንም እንኳን አመጧቸው። ገብስ ማየት ከሆነ የመጣችሁበት፣ ቤት አልሳታችሁም። ገብስ የእህል ንጉሥ ነው፤ የእኔ ገብስ ደግሞ የገብስ ንጉሥ ነው። ከወንዙ ማዶ ያለው ገብስ ውኃ ነው፤ አትዩት።»

የወንዙ ማዶ ገብስ የማን እንደሆነ ስጠይቃቸው የወንድማቸው ነው አሉኝ።

ሶስና እንደተለማመድነው ወደ ፊት ወጣች። «አባባ፣ እርስዎ ሰብሲስተንስ ነዎት ወይስ ኮሜርሻል?»

ጋሽ ይሁኔ እኔን አዩኝ። «ምን አለች?»

«የሚያርሱት ለቤትዎ ቀለብ ነው ወይስ ለገበያ? ማለቷ ነው።»

ትንሽ አሰቡ። «ሌላ ጊዜ ለቀለብ ነው፤ የተረፈውም ለገበያ ይወጣል። ዘንድሮ ግን ለሠርግ ነው። አንዲት ሴት ልጅ ናት ያለችኝ። ዘንድሮ ያረስኩት ለእሷ ነው።»

ሶስና ደብተሯን አውጥታ ጻፈች። በትከሻዋ በላይ አጮልቄ ሳነብ «ሦስተኛ፦ የሠርግ እርሻ» ይላል።

አውድማው ላይ

አውድማው በእበት የተለቀለቀ ክብ ሜዳ ነው። በመሀሉ የተወቃው ገብስ ከነገለባው ትልቅ ክምር ሆኖ ተቀምጧል። በአንድ ጎን የመጨረሻዎቹ ነዶዎች ተበትነው በሬዎች እየዞሩ ይረግጣሉ። የጋሽ ይሁኔ ባለቤት ወይዘሮ ጥሩዬ በመንሽ ገለባውን እየገለበጡ ነበር።

እኔ ዐዋቂዋ፣ «ጫማ አውልቁ!» ብዬ በኩራት አዘዝኩ። ሁሉም አወለቀ። ካልሲ የተቀደደበት፣ ጣቱ የወጣበት፣ የሁለት ቀለም ካልሲ ያደረገ፣ ጉዱ ሁሉ ተዘረገፈ። ከድር እርጥብ ካልሲውን ቁጥቋጦ ላይ ሰቀለ። «ያበርክትላችሁ!» ስል፣ «አሜን፣ አሜን፣ ሰው ያድርግሽ!» ብለው ባልና ሚስት አንድ ላይ መለሱ። ‹ይህች ነርስ ምን ልትነግረኝ ኖሯል፣ ሁሉንም ዐውቀው የለ› አልኩ በልቤ።

«ይሄን ክምር ከትናንት ወዲያ ወቅተን ጨርሰን ነበር» አሉ ጋሽ ይሁኔ። «ነፋስ ጠፋ። ነፋስ ከሌለ ገብሱ ከገለባው አይለይም፤ ካልተለየ ቤት አይገባም።» ከክምሩ ቆንጥረው ወደ ላይ በተኑ። ገብሱም ገለባውም አብረው ቀጥ ብለው እግራቸው ሥር ወደቁ። «ዛሬ ይነፍሳል።»

«ትናንትም ይነፍሳል ብለህ ነበር» አሉ ወይዘሮ ጥሩዬ።

«ትናንት ለትናንት ነው።»

ይሄኔ ነው ሶስና በሬዎቹን በጣቷ እየጠቆመች፣ ጮክ ብላ፣ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…» ብላ የጀመረችው። በሬዎቹ ስለሚዞሩ ተሳስታ እንደገና ጀመረች። ከዚያ ወደ ክምሩ ዞረችና፣ «አባባ፣ ይሄ ገብስ ስንት ኩንታል ይወጣዋል?» አለች።

«አበስኩ ገበርኩ!» ብለው ወይዘሮ ጥሩዬ መንሹን ጣሉ።

ጋሽ ይሁኔ በሬዎቹን አቆሙ። ያ ተራራ የሚሻገር ድምፅ ጠፍቶ በሹክሹክታ፣ «ምነው ልጄ? ምን በደልኩሽ?» አሉ።

ሶስና ዓይኗ እንባ ሞላ። እኔ፣ ነገር የማበርድ መስሎኝ፣ ጣልቃ ገባሁ። «ጋሽ ይሁኔ፣ ክፉ አስባ አይደለም። ግምት ነው የጠየቀችው፤ እንዲያው ለምሳሌ፣ ሃያ…»

ጋሽ ይሁኔ ሁለት ጆሯቸውን በመዳፋቸው ደፈኑ። ከድር ባዶ እግሬን ረገጠኝ።

«ወሎም እንዲሁ ነው» አለኝ በጆሮዬ። «እህል አውድማ ላይ እያለ አይቆጠርም፣ ስንት ይሆናል አይባልም። በረከቱ ይሸሻል ይላሉ። ዘመናይ አልነገረችሽም?»

ዘመናይማ ልትነግረኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሕግ ወጣ። አውድማው አጠገብ ቁጥር የሚባል ነገር የለም። የተማሪዎቼ ጥያቄ ግን ከላይ እስከ ታች «ስንት» ነበር፤ እኔው ነኝ ያስጠናኋቸው። አሁን እያንዳንዱ ቆሞ ከጥያቄው ጋር ሲታገል ማየት ነበር።

«አባባ፣ ልጆችዎ… አሉ?»

«ይመስገነው፣ አሉ።»

«በሬዎችዎስ?»

«እነሱም አሉ።»

«ማዳበሪያስ?»

«ሲመጣ አለ፤ ሳይመጣ የለም።»

«መሬትዎ… ትልቅ ነው?»

«ስታርሺው ትልቅ ነው፤ ለልጆች ስታካፍይው ትንሽ ነው።»

ይህችን የመጨረሻዋን ሁሉም ጻፏት። እኔም ጻፍኳት፣ እውነቱን ለመናገር።

ምሳ

የነቢያት ጾም ስለነበር ምሳው የተቀቀለ ድንች በአዋዜ፣ የገብስ እንጀራ በሽሮ ነበር። ከድር እጁን እያሻሸ ቀረበ። «የክርስቲያን ጾም ሲመጣ እኔም በየሰዉ ቤት እበላለሁ» ይላል ሁልጊዜ። ጠላ አይጠጣምና ወይዘሮ ጥሩዬ ሻይ በትልቅ ጣሳ ሰጡት፤ ተማሪዎቹም ከእሱ ጋር ሻይ ጠጡ። ጋሽ ይሁኔ ስለ ገብሳቸው ማውራት ጀምረው ነበር፤ ግን ልባቸው ከእኛ ጋር አልነበረም። በየመሀሉ ተነስተው አውድማውን ያያሉ፣ ይቀመጣሉ።

ሶስና አልበላችም። ድንቹን እጇ ላይ እያገላበጠች፣ «ቲቸር፣ እውነት በረከቱ ሸሸ?» አለችኝ።

«አይሸሽም፤ ብዪ» አልኩ። ይህን ስል ከጮቄ አናት ላይ ጥቁር ደመና ብቅ አለ።

ደመናው

መጀመሪያ ያየው አያሌው ነው፤ አማተበ። ከዚያ ሁላችንም አየን። በታኅሣሥ፣ ሰማዩ በጠራበት ወር፣ ደመናው ልክ ጥሪ እንደተላከለት ወደ እኛ ቁልቁል መጣ። ሁሉም ሰው መጀመሪያ ደመናውን፣ ቀጥሎ ሶስናን አየ።

እኔ በዚህ ጊዜ ዝም ማለት ነበረብኝ። አፌ እምቢ አለኝ። «ይሄ እኮ ተራራው የሚያመጣው ነው! እርጥብ አየር በተራራው ላይ ሲወጣ ይቀዘቅዝና ደመና ይሆናል፤ ባለፈው ሳምንት ተምረነዋል!» ብዬ እጄን እያወናጨፍኩ አስረዳሁ።

«ደግ ነው መምህርት» አሉ ወይዘሮ ጥሩዬ፣ «ለእኛ ሳይሆን ለእሱ አስረጅው፤ ምናልባት ይመለስ እንደሆነ።»

ከድር ደግሞ ለማገዝ ብሎ ባሰ። «ገብሱ ከነገለባው ከራሰ ይግላል፣ ከዚያ ይበቅላል፤ ብቅል ይሆናል ማለት ነው» አለ።

ጋሽ ይሁኔ መሬት ላይ ተቀመጡ። ያ ረጅም ሰው አጠረብኝ። «ዘመዱን ሁሉ ጠርቻለሁ» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው። «የባሏ ወገን ከሩቅ ነው የሚመጣው። ‹የይሁኔ ልጅ ጠላ በሌለበት ዳስ ተዳረች› ሊባል ነው?» ሳቁም ክርክሩም እዚያው ቀረ። ጎረቤት እንዳይጠራ ጎረቤቱም ሁሉ የየራሱን አውድማ ሊያድን እየሮጠ ነው፤ ከማዶ ከወንድማቸው አውድማ ጩኸት ይሰማል። እጅ ያለን እኛ ብቻ ነን፤ የእኛ እጅ ደግሞ ከእስክሪብቶ ሌላ አንስቶ አያውቅም።

በዚህ መሀል የከድር ካልሲ ከቁጥቋጦው ተነስቶ በረረ።

«ነፋስ!» አሉ ወይዘሮ ጥሩዬ።

ጋሽ ይሁኔ እንደ ጎረምሳ ብድግ አሉ። ከክምሩ ቆንጥረው ወደ ላይ በተኑ። ገብሱ እግራቸው ሥር ወረደ፤ ገለባው ግን ወደ ማዶ ሄደ። ደመናውን የሚነዳው ነፋስ ቀድሞት ደርሶ ነበር። ቀናት የጠበቁት ነፋስ መጣ፤ የመጣው ግን ዝናቡን ከኋላው አስከትሎ ነው።

«በሉ!» ብለው ጮኹ፤ ድምፃቸው ተመልሷል። «ላይዳ የሚይዝ!»

ላይዳ ማለት እህሉን ወደ ነፋስ የሚበትኑበት የእንጨት አካፋ ነው። አንዱን እሳቸው ያዙ። ሌላውን ማን ይያዝ ስንባባል ከድር ሻርፑን ፈታ፣ አንዱን ጃኬት አውልቆ ሰጠኝ፣ ሁለተኛውንም ሰጠኝ፣ ላይዳውን ከመሬት አነሳ። መበተን ሲጀምር ሁላችንም አፋችንን ከፍተን ቀረን። ለካ ሰውየው የገበሬ ልጅ ኖሯል! ይህን ያህል ጊዜ አብረን ስንሠራ ስለ ብርድ እንጂ ስለ ሌላ አውርቶ አያውቅም።

የቀረነው ተሸካሚ ሆንን። ወይዘሮ ጥሩዬ የተለየውን ገብስ በማዳበሪያ ጆንያ ይሞላሉ፤ ተማሪዎቹ ለሁለት ለሁለት ይዘው በባዶ እግራቸው ወደ ቤት ይሮጣሉ። አንዱ ጥንድ ሲጣደፍ ጆንያውን በር ላይ ደፋው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች!» ብለው ወይዘሮ ጥሩዬ እየሳቁም እየተቆጡም ከልጆቹ ጋር ተንበርክከው ለቀሙ። የገብሱ ጢም አንገቴ ውስጥ ገብቶ ሲያሳክከኝ በአንድ እጄ ጆንያ እይዛለሁ፣ በአንድ እጄ እፎክታለሁ። አያሌው እንኳ ማማተቡን ትቶ አውድማውን ጠረገ።

ሶስና ከሁሉ በላይ ሮጠች። ጆንያ አድርሳ ስትመለስ ጋሽ ይሁኔ ላይዳቸውን አቁመው፣ «አንቺ ልጅ! ከንፈርሽ!» አሉ።

ልጅቱ ሳታውቀው የገባውን ጆንያ በከንፈሯ እየቆጠረች ነበር። ደንግጣ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ሁለት እጇ ግን ለጆንያው ያስፈልጋል። በመጨረሻ ላለመቁጠር ብላ ጮክ ብላ የሠርግ ዘፈን ጀመረች፤ ሌሎቹ ተቀበሏት። በጾም ወር የሠርግ ዘፈን ተዘፈነ። ወይዘሮ ጥሩዬ ወደ ሰማይ አይተው፣ «ልጆች ናቸው፤ ይቅር በላቸው» አሉና እሳቸውም በቀስታ አጨበጨቡ።

የመጨረሻው ጆንያ ደፍ ሲያልፍ የመጀመሪያው ጠብታ አፍንጫዬ ላይ አረፈ። ከዚያ ዝናቡ ወረደ፤ በረዶም ነበረው። እኛ ከገብሱ ጋር ቤት ውስጥ ተጠጋግተን፣ ራሳችን ላይ ገለባ፣ እግራችን ጭቃ፣ ባዶውን አውድማ ሲመታው በበሩ አየን። ጋሽ ይሁኔ ጆንያዎቹን በእጃቸው እየዳሰሱ፣ «ተመስገን፣ ተመስገን» አሉ፤ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። እኔም አለቀስኩ፤ ገለባ ገብቶብኝ ነው አልኩ።

ትንሽ ቆይተው ሶስናን ጠሯት። «ነይ እስኪ። ቅድም በመቁጠርሽ ደመናው መጣ፤ እሱ የማይካድ ነው። ግን ነፋሱንም ያመጣው እሱ ነው። እኔ ግራ ገብቶኛል።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የማዶው ወንድሜ ነፋስ ጠፍቶበት ነበር፤ ነገ ሄደሽ ብትቆጥሪለትስ?»

«አንተ ሰውዬ!» ብለው ወይዘሮ ጥሩዬ ትከሻቸውን መቷቸው።

መልስ

ዝናቡ ሲያባራ መሽቶብን እንዳንቀር ተጣደፍን። ግቢው ውስጥ ልቆጥር ስል ጋሽ ይሁኔ፣ «ደጃፌ ላይ አይሆንም፤ ልጆችም በረከት ናቸው» አሉ። ስለዚህ ወንዙን ተሻግረን ቆጠርኩ። ሙሉ ናቸው። አውቶቡሱ ላይ ቆጠርኩ። ሙሉ ናቸው። እንዴት ደስ አለኝ!

ሮብ ገበያ ደርሰን አያሌው ጎማ ሲያይ ተማሪዎቹ ሻይ ይገዛልን አሉ። «እስኪ ከድርን እንጠይቀው» ብዬ ዞር ስል፣ ከድር የለም። ወንበሩም ባዶ ነው። ለካ ዳይሬክተሩ «ተማሪዎቹን ቁጠሪ» እንጂ «መምህሩን ቁጠሪ» አላሉኝም! ስልኬን አውጥቼ ደወልኩ። ጭኔ ላይ ያለው ጃኬት ጮኸ። ተማሪዎቼ በሳቅ ከወንበር ወደቁ።

ተመለስን። እንደገና ዳገት፣ እንደገና ወንዝ። ከድርን ያገኘሁት ምድጃ ዳር፣ የጋሽ ይሁኔን ጋቢ ተከናንቦ፣ ቆሎ እየቆረጠመ፣ ስለ ወሎ ገብስና ስለ ጎጃም ገብስ ከእሳቸው ጋር ሲከራከር ነው።

«ሄዳችሁ ነበር እንዴ?» አለኝ።

«አንተ፣ ምነው ስትቀር ዝም አልክ?»

«ከመጣሁ ወዲህ ዛሬ ነው የሞቀኝ። ምን ብዬ ልውጣ?»

ማርቆስ ስንገባ ፀሐይዋ ጠልቃ ገና ብርሃን ነበር። ዳይሬክተሩ በሩ ላይ ቆመዋል። «ስንት ሄደ? ስንት ተመለሰ?» አሉ፣ እጃችንንም እግራችንንም ሳያዩ።

«የሄደው ሁሉ ተመልሷል» አልኩና ወደ ቤቴ ሄጄ ፀጉሬን ታጠብኩ። ገለባው እስከ ሳምንቱ ሲወጣ ነበር።

ከጉዞው በኋላ

በፈተናው ላይ «የእርሻ ሥርዓቶችን ዘርዝሩ» የሚል ጥያቄ አወጣሁ። ሶስና በመጽሐፉ ያሉትን ሁሉ በትክክል ጻፈችና በመጨረሻ «የሠርግ እርሻ» ብላ ጨመረች። ቀዩን እስክሪብቶ ይዤ ቆየሁ። እኔ እስከዚያን ቀን ድረስ ስለ ሰብሉ፣ ስለ አፈሩ፣ ስለ ከፍታው አስተምራለሁ እንጂ «ይሄ ማሳ የታረሰው ለማን ነው?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ጋሽ ይሁኔ መሬት ላይ ሲቀመጡ ትዝ አሉኝ። ትክክል ብዬ ምልክት አደረግሁባት። ዳይሬክተሩ ወረቀቱን አይተው፣ «ይሄ መጽሐፉ ላይ የለም» አሉኝ። «ጥር ላይ ይምጡና ያዩታል» አልኳቸው።

መጡም። ጋሽ ይሁኔ ትምህርት ቤታችን ድረስ ወርደው ክፍሉን በሙሉ ጠርተው ነበር። ዳሱ ሞላ። ዘመናይ አምራ ተቀምጣ፣ እኔን ስታይ «ገብቶኛል፣ ገብቶኛል» እያለች በከንፈሯ አሾፈችብኝ። ለከድርና ለሙስሊም እንግዶች ለብቻ በግ ቀርቦ ከድር ራሱ ባረከው። ጠላው ከዚህ ወደዚያ ይቀዳል፤ አያልቅም። ዳይሬክተራችን ከእኛው ማዕድ ተቀምጠው አንዱን ጠጡ፣ ደገሙ፣ ፊታቸው ፈካ፤ ጋሽ ይሁኔ ሊያስተናግዷቸው ሲቀርቡ ጎንበስ ብለው፣ «ግሩም ጠላ ነው፤ ለመሆኑ ጋሼ፣ ገብሱ ስን…» ብለው ጀመሩ።

አልጨረሱትም። ሶስና ከጎናቸው ብድግ ብላ፣ በአክብሮት፣ በሁለት እጅ፣ አፋቸውን ሞልቶ የተረፈ ጉርሻ አጎረሰቻቸው።

«እሰይ የኔ ልጅ!» አሉ ጋሽ ይሁኔ። «ድገሚያቸው!»